በልቻለሁ

«ምግቤን ይጸየፈዋል። ሁለት ወር ሙሉ ከእጄ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም። ምን በድዬው ነው?»

ድምፁ የመጣው ከጣሪያው ነው። ከሴንት ፖል ከተማ ዳር፣ በዚያ የዉድበሪ ቤት የማሞቂያው አየር ከክፍል ክፍል የሚሄደው በቆርቆሮ ቱቦ ነው፤ ጥቅምት ገብቶ ማሞቂያው ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከበፊቱ የወጥ ሽታ ሌላ የኩሽናው ወሬም ከሙቀቱ ጋር ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት ይወርዳል። ሐጌ እዚያ ገና ሳይነጋ ነቅቶ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቶ ነበር። ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለም። የተናገረችው እትዬ አስካለማርያም ናት፤ የእናቱ የአክስት ልጅ፣ የቤቱ እመቤት። ስለ ማን እንደምታወራ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በዚያ ቤት ሁለት ወር የሆነው ከእሱ ሌላ ማንም የለም።

«ተይው እንጂ፣ ካምፓስ ይበላ ይሆናል» አለ ባሏ ጋሽ አሳምነው። ሌሊቱን ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ አድሮ መግባቱ ነው፤ ድምፁ ውስጥ እንቅልፍ አለ።

«ቅዳሜና እሁድስ? ንቀት ነው እንጂ! የነርሲንግ ሆም ሠራተኛ የሠራችው ወጥ ለማስተርስ ተማሪ አይመጥንማ። በቃኝ። ነገ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ለእናቱ እደውልላታለሁ። ልጅሽ ቤቴን ንቆታል፣ ሌላ ቤት ይፈልግ እላታለሁ። በገዛ ቤቴ ስሳቀቅ ልኑር እንዴ?»

ከዚያ ቁልፍ ተንቃጨለ፣ የጋራዡ በር እያጓራ ተከፈተ፣ መኪናዋ ወጣች፣ በሩ እያጓራ ተዘጋ። ሐጌ ጣሪያው ላይ አፍጥጦ ቀረ። እንባው ሊመጣ ነበር፤ ሆዱ ቀደመውና ጮኸ። ይጸየፋል! ይንቃል! ይህ ልጅ እኮ ሁለት ወር ሙሉ የርሷን ወጥ ሽታ ትራሱ ላይ ሆኖ ሲያሸት፣ ምራቁን እየዋጠ ሲተኛ የኖረ ልጅ ነው። ከእናቱ ቤት ይዞት የመጣው ሱሪ ያለ ቀበቶ አልቆም ብሎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ መጨረሻ፣ ሁለት ቀን ከአውሮፕላን አውሮፕላን ሲንከራተት ቆይቶ እዚህ ቤት የደረሰ ዕለት እትዬ አስካለማርያም «በላህ?» ብላ ጠየቀችው። «በልቻለሁ» አላት። ይህ ውሸት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ሐጌ ባደገበት ቤት የመጀመሪያው «በልቻለሁ» የሰላምታ ተጨማሪ ነው። ባለቤቲቱ «ኧረ አይሆንም» ትላለች፣ እንግዳው «በእውነት ጠግቤያለሁ» ይላል፣ ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ትላለች፣ ከዚያ እንግዳው ቅር እያለው እንደሆነ ሰው ሁሉ አውቆለት ይቀርብና ለሦስት ሰው የሚበቃውን ይበላል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይስተውም። እትዬ አስካለማርያም ግን ያን ዕለት አሥራ ስድስት ሰዓት ሠርታ ነው የገባችው። «እንግዲያው እሺ፣ ደክሞሃል፣ ግባና ተኛ» አለችና ሦስት ዓይነት ወጥ የቀረበበትን ጠረጴዛ አነሳችው። ሐጌ ዓይኑ ድስቶቹን እስከ ምድጃው ድረስ ሸኝቶ፣ ከአውሮፕላን የተረፈ ብስኩት ቆርጥሞ ተኛ። በማግስቱም ጠየቀችው፤ አሁንስ ትለምነኛለች ብሎ «በልቻለሁ» አለ። አልለመነችውም። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ደነደነ፤ ከሳምንት በኋላ ጥያቄውም ቀረ።

ፍሪጁን ከፍቶ እንዳይበላ የከለከለው የለም። ጋሽ አሳምነው እንዲያውም «ቤትህ ነው፣ ያገኘኸውን ብላ» ብሎታል። ነገር ግን እናቱ «የሰው ቤት ድስት የሚከፍት ልጅ አልወለድኩም» እያለች ነው ያሳደገችው፤ የፍሪጅ በርም ድስት ነው፣ ያውም የሚበራ ድስት። ስለዚህ በጎን በር ይገባል፣ በጎን በር ይወጣል፣ ኩሽናውን ውኃ ሊቀዳ ካልሆነ አይረግጠውም። እናቱ በስልክ «አስካለማርያም ዛሬ ምን ሠራችልህ?» ስትለው፣ በቱቦው የወረደለትን ሽታ ተከትሎ «ምስር» ወይም «ቀይ ወጥ» ይላታል። ሽታው ላይ ተሳስቶ አያውቅም።

ያን ቀን ጠዋት ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። በየበሩ ለፈረንጅ በዓል ፊታቸው የተፈለፈለ ዱባዎች ተቀምጠው ይስቁበታል። ጎልድ ላይን አውቶብስ ማቆሚያ ድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ በእግር ነው፤ በመንገዱ ላይ ከእሱ በቀር የሚራመድ ሰው አልነበረም። ሴንት ፖል መሀል ከተማ ወርዶ ወደ ግሪን ላይን ባቡር ተሻገረ። ባቡሩ ውስጥ ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ የቀረው ስልኩን ያያል። ይህን መስመር ከመማሪያ መጽሐፎቹ ይልቅ ያውቀዋል። ከተማዋን ያጠናት በሆዱ ነው። ማክሰኞ የዲፓርትመንቱ ሴሚናር ፒዛ እንዳለው፣ ሐሙስ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ብስኩት በቡና እንደሚያቀርብ፣ ከወንዙ ወዲያ የሶማሌዎቹ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ሳምቡሳ ከሰዓት በኋላ እንደሚረክስ፣ ከእስያ የመጡት የሞንግ ሰዎች ገበያ ያሉት አሮጊት የተጣበቀ ሩዝ በላስቲክ ቋጥረው በሁለት ዶላር እንደሚሸጡና ፈገግ ካሉላቸው ቃሪያ እንደሚመርቁ፣ ሁሉንም ያውቃል። የትኛው ፌርማታ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን እሮብ ሾርባ እንደሚያድልም ያውቃል፤ እሱ ጋ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሄደው፣ በሁለተኛው ቀን የሚያውቀው የክፍል ልጅ ሾርባ ቀጂ ሆኖ ስላገኘው። ልጁ ሳቅ ብሎ «ሃይ» አለው። ሐጌም «የመጣሁት ላግዛችሁ ነው» ብሎ እስከ ማታ ሳህን ሲያጥብ ዋለ።

ደክሞታል። ረሃቡ ራሱ አይደለም ያደከመው፤ ረሃብን ይለምዱታል። ያደከመው ምሳና እራቱን በየቀኑ እንደ አዲስ መፈለግ ነው፤ ሌላው ተማሪ የሚያጠናበትን ሰዓት እሱ በባቡር ይጨርሰዋል። ደግሞ አሁን ይህ መጣ። መስኮቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ነገሩን ከዚህም ከዚያም አገላበጠው። ዝም ቢል ትዕቢተኛ ነው፤ ነገ ጠዋት እናቱ ትሰማለች፣ ከዚያም ቤቱን ይለቃል። እትዬ አስካለማርያም ኪራይ አትቀበለውም፤ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየደረደረ በሚያገኛት ብር ሌላ ቤት መከራየት አይታሰብም፤ ቤት ከሌለ ትምህርቱም የለም። ይናገር ቢል ደግሞ ምን ሊል ነው? «እትዬ፣ ርቦኝ ነበር» ቢላት፣ «በቤትሽ ሁለት ወር አስራብሽኝ» ማለት ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት የወንድሞቿን ልጆች በምትልከው ብር ያስተማረች ሴት፣ የዘመዷን ልጅ አስራበች ሊባል! ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሐጌ ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

ከግዛቱ ምክር ቤት፣ ከስቴት ካፒቶል፣ አለፍ ብሎ ወረደና ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ሁልጊዜ በመስተዋት ብቻ የሚያየው የቬትናሞች ምግብ ቤት በር ላይ ቆመ። ፎ የሚሉት ሾርባቸው፣ ሩዝ ፓስታና ሥጋ ያለበት፣ አሥራ አራት ዶላር ከሃምሳ ነው። በዚያ ዋጋ የአሮጊቷን ሩዝ ለሳምንት ይበላል። «የመጣው ይምጣ» አለና ገባ። ቤት ለሚባረር ሰው ቁጠባ ምኑ ነው? የመጣለት ሳህን ፊት መታጠቢያ ያክላል። አስተናጋጇ ሳትጠይቀው ቅጠላ ቅጠሉን ደገመችለት። ላብ በጆሮ ግንዱ እስኪወርድ፣ የሳህኑ አበባ እስኪታይ ድረስ በላ። በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠገበ፤ ጥጋቡም ደስታ አላመጣለትም። እንቅልፍ ብቻ አመጣበት።

ከዚያ ሙሊሳ ጋ ሄደ። ሙሊሳ ሚድዌይ አካባቢ ጠባብ ሱቅ አለው፤ በርበሬ፣ እንጀራ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ የስልክ ሽፋን በአንድ መደርደሪያ ይሸጣል። ሐጌ በመጀመሪያው ሳምንት ባቡር ተሳስቶ መንገድ የጠየቀው እሱን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ዕቃ እያወረደ ያግዘዋል። ዛሬም ገና ከበሩ ሲገባ ሚስቱ ፋዮ የላከችውን ምሳ ሲከፍት አገኘው። ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ ነው፣ ከጎኑ እርጎ።

«ና ቁጭ በል፣ ብላ።»

«በልቻለሁ፣ ጋሼ» አለ ሐጌ። እግዜር ያሳይህ፣ ይህቺኛዋ እውነት ነበረች።

«ማን ጠየቀህ?» አለ ሙሊሳ፣ ማንኪያውን እጁ ላይ እያስያዘ። «በላህ ወይ አልኩህ? ብላ ነው ያልኩህ።»

«ኧረ በእውነት፣ አሁን ፎ በልቼ…»

«በፋዮ ሞት! የሾርባ ውኃ በልተህ ነው በልቻለሁ የምትለው?»

ተበላ። እንዴት እንዳለቀ ሐጌም አያውቅም። እርጎውን ሲጨርስ ወገቡን ማጠፍ አቅቶት፣ የጤፍ ከረጢት ላይ ተደግፎ ታሪኩን ከነሐሴ ጀምሮ አወራለት። ሙሊሳ መጀመሪያ ሳቀ፤ ገበያተኛ ዘወር ብሎ እስኪያየው ሳቀ። ቀስ በቀስ ሳቁ ጠፋ፤ የሐጌን ቀበቶ አየ፣ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳችውን አዲስ ቀዳዳ አየ።

«እኔ እዚያ ኢገን ሰፈር ወንድሜ ቤት ስገባ ሁለት ቀን ነው የቻልኩት» አለ። «በሦስተኛው ቀን ድስቱን ከነማማሰያው ይዤ ተቀመጥኩ። አንተ ከተማ ያሳደገህ ልጅ ነህ፣ ይሉኝታ ይገልሃል። ስማ፣ ሂድና ብላላት። ንግግር አታብዛ፣ ይቅርታ እንዲህ ነው እንዲያ ነው አትበል። ከፊቷ ተቀምጠህ ብላ።»

«አሁን? አሁንማ ጠግቤያለሁ!»

«ያ ያንተ ጉዳይ ነው» አለ ሙሊሳ።

ቤት ሲደርስ መሽቷል ለማለት ገና ነው፣ ጨለማው ግን ቀድሞ ገብቷል። ከአውቶብሱ ወርዶ የመጣበትን ሃያ አምስት ደቂቃ በአርባ ደቂቃ ነው የተራመደው፤ ሆዱ ከፊቱ እየሄደ። እጁ የጎኑን በር ሊይዝ ሲል ተወውና በዋናው በር ገባ። ኩሽና ውስጥ የቤቱ ልጅ ሊና ብቻዋን ቆማ ሲሪያል በወተት ትበላለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁሌም በእንግሊዝኛ ነው። ሐጌ በሩ ላይ እንደ ዕቃ አድራሽ ቆሞ ቀረ። ከየት እንደሚጀምር፣ የቱን እንደሚከፍት አያውቅም።

ሊና ማንኪያዋን አቁማ አየችው። «ምግብህን አንድ ቀን ትበላው ይሆን?» አለችው።

«የምን ምግብ?»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ጠበቀች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የማይክሮዌቩን በር ከፈተችው። መብራቱ በራ። ውስጡ በሌላ ሳህን የተከደነ ሳህን ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ ማንኪያና የተጣጠፈ ናፕኪን።

«የአርቡ ነው» አለች። «ማም በየማታው ታስቀምጥልሃለች። ጠዋት ስትነሳ እንዳለ ታገኘዋለች፣ ያንኑ ምሳዋ አድርጋ ሥራ ትወስደዋለች። በየቀኑ። ዛሬ ግን ትታው ሄደች።»

«ሊና… ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታውቅ መስሎኝ ነበራ» አለች፣ ትከሻዋን ሰብቃ። «ማይክሮዌቭ እኮ ነው። ሰው ሁሉ ይከፍተዋል።»

ሐጌ ሳህኑን አወጣው። ምስርና ጎመን ነው፤ የእንጀራው ጠርዝ ደርቆ ወደ ላይ ታጥፏል። ሽታውን ትናንት ማታ ትራሱ ላይ ሆኖ «ምስር» ብሎ የፈታው ነው። ስድሳ ያህል ሳህን አሰበ። እሱ ታች ተርቦ ሲተኛ፣ ከራሱ በላይ ባለው ኩሽና ስሙ የተጠራበት ሳህን ተከድኖ ሲያድር፣ በማግስቱ እሷ የሰው ሽማግሌ ስታጥብና ስታገላብጥ ውላ፣ ሠላሳ ደቂቃ በማትሞላ እረፍቷ የእሱን የንቀት ትራፊ ስትበላ።  ሊና እያየችው መሆኗን ሲያውቅ ሳህኑን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ማሞቅ እንኳ አልጠየቀም። የጋራዡ በር ማጓራት ሲጀምር የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልሎ ነበር።

እትዬ አስካለማርያም የሥራ ልብሷን ከነካፖርቷ ለብሳ ገባች። ግድግዳውን ይዛ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ረገጥ ረገጥ አደረገችው፣ ከዚያ ቀና ስትል አየችው። ከሁለት ወር በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ሳህኗ ፊቱ።  አፏ በልማድ የሚያውቀውን አለ።

«በላህ?»

ሐጌ ውስጥ ፎው አለ፣ ጨጨብሳው አለ፣ እርጎው አለ። በሕይወቱ እንዲህ ጠግቦ አያውቅም።

«አልበላሁም፣ እትዬ» አላት። «ርቦኛል።»

ሊና ሲሪያሏን ማላመጥ አቆመች። እትዬ አስካለማርያም መጣችና ከፊቱ ሳህኑን ሳበችው። «ይሄ የአርብ ነው፣ ደርቋል» አለች ድምፅ በሌለው ድምፅ። ከነካፖርቷ ፍሪጁን ከፈተች፣ ድስት ጣደች፣ እንጀራ ዘረጋች። ለፋሲካ የሚዘረጋውን ያህል ዘረጋች። ሐጌ ጎንበስ ብሎ ይበላ ጀመር። እያንዳንዱ ጉርሻ ደረቱ ላይ ቆሞ፣ መንገድ እየለመነ ይወርዳል። እሷ ማማሰያውን እንደያዘች ሱሪውን አየች፣ የእጁን አንጓ አየች፣ ቀበቶውን አየች። በሽተኛ ሲከሳ ቀድማ የምታውቅ ሴት ናት፤ እንጀራዋ ይኸው ሥራ ነው። እንግዳዋን ግን ከነጃኬቱ ሲያልፍ ብቻ ነበር ያየችው።

«ያን ዕለትም ርቦህ ነበር?» አለች። «የመጣህ ዕለት?»

ሐጌ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጉርሻውን ዋጠ።

«ወይኔ ጉዴ!» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ሥራ ቦታ እኮ ሽማግሌዎቹ አይ ካሉ አይ ነው። ሁለተኛ ብላ ብዬ ፑሽ ካደረግሁ ይከሱኛል፤ መዝገቡ ላይ እምቢ አለ ብዬ ቻርት አደርግና ትሬውን ከነምግቡ አነሳለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ስል… አንተንም ቻርት አደረግሁህ?» ዓይኗ ሞላ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «አንተስ ደደብ! አፍ የለህም? ሁለት ወር?»

«ትለምኚኛለሽ ብዬ ነዋ» አለ ሐጌ፣ አፉ እንደሞላ።

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ከእሷ ወጣ። ሊና «ኦ ማይ ጋድ» ብላ ሲሪያሏን ይዛ ወደ ክፍሏ ሄደች።  እትዬ አስካለማርያም ፊቷን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች፣ ተነስታ ድስቱን ከነማማሰያው ይዛ መጣች።

«ነገ ጠዋት ለእናትህ እደውላለሁ» አለች።

ሐጌ ማላመጡን አቆመ። «ምን ልትያት?»

«ሆዳም ነው የላክሽብኝ እላታለሁ» አለችና፣ ልጨምርልህ ሳትለው ጨመረችለት።

ሐጌ ቀበቶውን ከጠረጴዛው ሥር በቀስታ ፈታና ቀጠለ።